የዩኒቨርሲቲው ስም ወይስ የኪስ አቅም? ጥያቄው ከአስከተማ ሲታይ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ቁጥር በከተማችን አንድ ክርክር ይነሳል። ልጁን የት እናስገባው? ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ወይስ አቅማችን የሚችለው? አንዱ «ስም ምን ይሠራል፣ ዋናው ልጁ ነው» ይላል። ሌላው «ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው ዲግሪው ከየት እንደሆነ ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ምሳሌ አያጡም። አንዱ ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የፈታ ዘመድ አለው፤ ሌላው ደግሞ በትምህርት ቤቱ ስም ብቻ በር የተከፈተለት ጓደኛ።

ክርክሩ ግን በአዲስ አበባ ቤተሰብ ልክ የተሰፋ ነው። ልጁ ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ ሊማር ይችላል፤ የግል ኮሌጅ ክፍያ ከደመወዝ ተቆጥቦ ይገኝ ይሆናል፤ አጎት ከውጭ አገር ይልካል። ያው ጥያቄ ወደ ጋዝጊብላ ቢወሰድ መልሱ እንዴት ይለወጣል? ጋዝጊብላ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የሚገኝ ደጋማ ወረዳ ነው። ዋና ከተማው አስከተማ ከላስታ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አንዲት የገበሬ ልጅ ከዚያ ተፈትና የማለፊያ ነጥብ አመጣች እንበል። ለእርሷስ የሚሻለው የቱ ነው?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት በአጭሩ ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ስም አብዝቶ የሚጠቅመው ሌላ ምንም የሌለውን ልጅ ነው። በአገራችን ግን «ቅርብና ርካሽ ይበቃሃል» የሚል ምክር የሚሰጠው ለዚያው ልጅ ነው። ስኮላርሺፕ የሚባለው ነገር ትርጉም የሚኖረው ይህንን የተገለበጠ ነገር ሲያቃና ብቻ ነው።

«ነጻ» የሚባለው ትምህርት

ስለ ዋጋ ለመነጋገር መጀመሪያ ከፋዩ ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር ወጪውን የሚችለው መንግሥት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ በኋላም ተማሪው የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም ነበር። ይልቁንም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለ ግዴታ ተጣለ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ ማገልገል ነበረበት። የተማረበትን ወጪ በገንዘብ ሳይሆን በጉልበቱና በዕውቀቱ ይከፍል ነበር ማለት ነው። በደርግ ዘመንም፣ የእኔ ትውልድ ሕግ በተማረበት ጊዜም፣ ተማሪ ለምግብና ለመኝታ ዕዳ አይፈርምም ነበር።

ይህ የተለወጠው በ1995 ዓ.ም. ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ወጣ፤ እሱን ተከትሎ የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ሥራ ላይ ዋለ። መርሁ ቀላል ነው። ተማሪው ከማስተማሪያው ወጪ 15 በመቶ ያህሉን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጋራል። ገንዘቡን ሲገባ እንዲከፍል አይገደድም። ውል ይፈርምና ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ቢበዛ በ15 ዓመት ይከፍላል። መምህር ሆኖ ለማገልገል የገባ ደግሞ በአገልግሎት የሚተካበት መንገድ ተቀምጦለታል። ኋላ የመጡት የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 650 እና የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1152 የወጪ መጋራትን መርህ ይዘው ቀጥለዋል።

ለደንቡ የሚቀርበው ክርክር ደካማ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የተሻለ ደመወዝ የሚያገኘው ሰው፣ ዩኒቨርሲቲን በሩቁ እንኳን ባላየ ገበሬ ግብር መማር የለበትም፤ ይህ ፍትሐዊ ሐሳብ ነው። ችግሩ ከአስከተማ ሲታይ ይመጣል። በወላጆቹ ቤት እያደረ በግሉ የሚበላ የከተማ ልጅ የምግብና የመኝታ ዕዳውን መቀነስ ይችላል። ከሩቅ የመጣው ልጅ ግን ዶርም ከማደርና በካፌ ከመመገብ በቀር ምርጫ የለውም። ስለዚህ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር ከሚማሩ ሁለት ተማሪዎች የባሰውን ዕዳ ፈርሞ የሚወጣው ድሃው ነው። በ2017 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ በ22 ብር መብላት የማይቻል ስለነበር ተገቢ ነው። ነገር ግን ምግብ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ድርሻ በሆነበት መርህ፣ ጭማሪው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ዶርም ባደረው ልጅ ውል ላይ ነው።

በዚህ ላይ በደንቡ ውስጥ የማይገኝ ሌላ ወጪ አለ። የአውቶቡስ ትኬት፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ደብተርና ፎቶ ኮፒ፣ ላፕቶፕ፣ የወር ሳሙና። ለአዲስ አበባ ባለደመወዝ የኪስ ገንዘብ ነው። ለጋዝጊብላ ገበሬ በግ ወይም በሬ ነው።

ስም ምን ይሠራል?

ወደ ስም እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2002 ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ብልህ ጥናት አሳተሙ። ሁለቱ ያነጻጸሩት ተመሳሳይ ኮሌጆች አመልክተው ተመሳሳይ ምላሽ ያገኙ ተማሪዎችን ነው። አንዱ ስመ ጥር ወደሆነው ሄደ፣ ሌላው ተቀባይነት አግኝቶ ሳለ ስሙ ዝቅ ወዳለው ገባ። ከዓመታት በኋላ ገቢያቸው ሲታይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጎበዝ ተማሪ የትም ቢገባ ጎበዝ ነው፤ «ስም ምን ይሠራል» የሚሉት ደስ ሊላቸው ይችላል።

ጥናቱ ግን አንድ ልዩ ሁኔታ አገኘ። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ ተማሪዎች ስመ ጥር ኮሌጅ መግባት ገቢያቸውን ከፍ አድርጎታል። በኋላ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ወላጆቻቸው ብዙም ላልተማሩ ልጆች ይኸው ጥቅም እንዳለ አይተዋል።

ምክንያቱን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ባለሙያ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ባያስተዋውቀው አባቱ ያስተዋውቀዋል። የሥራ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የሚነግረው፣ ማመልከቻውን የሚያርምለት፣ «እገሌ የኔ ልጅ ነው» ብሎ ስልክ የሚደውልለት አለው። የአስከተማዋ ልጅ ይህ ሁሉ የላትም። አጠገቧ የሚቀመጡት ተማሪዎች፣ የሚያስተምሯት መምህራን፣ በዲግሪዋ ራስጌ ላይ የተጻፈው ስም፣ እነዚህ ናቸው ዘመዶቿ። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ስም ለአንዱ ጌጥ ሲሆን ለሌላው ዘመድ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ በተቋማት መካከል ያለው ልዩነት የዝና ብቻ አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ40 በላይ ደርሷል። መንግሥት ራሱ በተልዕኮ ሲለያቸው ስምንቱን፣ ማለትም አዲስ አበባን፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን፣ ጅማን፣ ሐዋሳን፣ መቐለን፣ ሐረማያንና አርባ ምንጭን፣ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብሎ መድቧቸዋል። ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የመምህራኑ ደረጃ ከቦታ ቦታ እኩል አይደለም።

የስም ነገር ከተነሳ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ትምህርት ሰጥቶናል። ፈተናው የተቋሙን ስም አይጠይቅም፤ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በግል ኮሌጆች መካከል ጥሩ የሚያስተምሩ እንዳሉ አይካድም። ቢሆንም በየከተማው በተከፈተ ቅርንጫፍ «ከቤትህ ሳትርቅ ተመረቅ» ተብሎ ገንዘብ የከፈለ ድሃ ቤተሰብ፣ ርካሽ የመሰለው ነገር ውድ ሆኖ ያገኘው በዚያ ቀን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ዲግሪ የሚያሰጠው ክፍያ ሳይሆን ፈተናውን ማለፍ ነውና።

በሩ ላይ ሳይደርሱ

እስካሁን የተናገርኩት የማለፊያ ነጥብ ስላመጣች ልጅ ነው። እርሷ ደግሞ ብርቅ ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ውጤት 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ከዚህ ቁጥር ጀርባ የዋግን ልጅ አስቡት። አፉን በኽምጣኛ የፈታ ከሆነ አማርኛ ሁለተኛ፣ ፈተናው የሚሰጥበት እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ዞኑ የጦርነት ቀጣና ሆኖ ሰው ተፈናቅሏል፤ ትምህርት ተቋርጧል። ቀጥሎ ድርቅ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ይህ ሁሉ ተደራርቦ 50 በመቶ ያመጣ ልጅ በአዲስ አበባ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ተምሮ 70 ካመጣው የሚያንስ ችሎታ አለው ማለት ይቻላልን? በሕግ ቋንቋ፣ እኩል ያልሆኑትን እኩል ማየትም አድልዎ ነው።

የራስ ገዝነት ዕድልና አደጋ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ራስ ገዝ ሆኗል። ሌሎችም እንዲከተሉት ታቅዷል። ዩኒቨርሲቲው አሁን የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይመርጣል። ከሚገቡት ከፊሉ በመንግሥት ድጋፍ ሲማሩ ከፊሉ በራሳቸው ይከፍላሉ።

በጎ ጎኑ ግልጽ ነው። ሊከፍል የሚችል ይክፈል፤ የተሰበሰበው ለማይችለው ይዋል። የዓለም ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ የውጭ አገር አመልካችን እንኳን የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ይመርጣሉ፤ ከተቀበሉት በኋላ የጎደለውን ይሞላሉ። ስለዚህም በዋጋ ዝርዝር ላይ እጅግ ውድ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ለድሃ ልጅ ከሁሉም ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአንጻሩ ማንም የማያውቀው ኮሌጅ «ግማሽ ስኮላርሺፕ ሰጥተንሃል» ብሎ ይጽፋል፤ ቀሪው ግማሽ ደግሞ የቤተሰቡን ቤት ያሸጣል። ዋጋ ሲባል የተለጠፈው ሳይሆን ቤተሰቡ በመጨረሻ ከኪሱ የሚያወጣው መሆኑን ማወቅ የዚህ ክርክር ግማሽ መልስ ነው።

አደጋው ደግሞ ይህ ነው። የመንግሥት ድጋፍ በፈተና ውጤት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከፍተኛውን ውጤት የሚያመጡት በአብዛኛው ውድ ትምህርት ቤት የተማሩት ናቸው። ያኔ ስኮላርሺፑን የሚወስደው መክፈል የሚችለው ይሆናል። እየከፈለ እንዲማር የሚጠየቀው ደግሞ የማይችለው ነው። እርሱም አይከፍልም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ማመልከቻው በኢንተርኔት፣ ፈተናው ከወረዳ ውጭ ከሆነ ደግሞ የቀረው ልጅ አመልካች ተብሎ እንኳን አይቆጠርም።

ይህ የምጽዋት ጉዳይ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ሁሉም ዜጋ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 13 ከፍተኛ ትምህርት በችሎታ ላይ ተመሥርቶ ለሁሉም እኩል ክፍት እንዲሆን ያዛል። «በችሎታ» የሚለው ቃል ሊተኮርበት ይገባል። ቃል ኪዳኑ በአቅም አላለም።

ልጁ ከዋግ ቢቀርስ?

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ጎበዞቹን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ከላክናቸው ለዋግ ማን ይቀርለታል? ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአቅራቢያው አለ፤ እዚያ ተምሮ ለአገሩ ቢሠራ አይሻልምን?

ስጋቱ እውነት ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዋግ ከተማ ስም ተሰይሟል። ያን ቃል ለመፈጸም ሐኪም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ የመስኖ መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ ኽምጣኛ የሚያውቅ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ቅርብ ያለ ዩኒቨርሲቲ መምረጥም ነውር አይደለም። የምትፈልገው የትምህርት ክፍል እዚያ በደንብ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከቤተሰቧ መራቅ የማትችል ከሆነ፣ ምርጫው የርሷ ነው።

ነገር ግን ምርጫ የሚባለው ሌላውም በር ክፍት ሲሆን ነው። ልጁ በሙያው እንዲመለስ ከተፈለገ ደግሞ ዝቅተኛ ትምህርት በመስጠት ሳይሆን ውል በማስገባት ይቻላል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ያስተማረን ይህንን ነው። «ሙሉ ወጪህን እንሸፍናለን፣ አንተ ሦስት ዓመት በዞንህ ታገለግላለህ» የሚል ውል ከ15 ዓመት የደመወዝ ቅነሳ ይልቅ ለልጁም ለዋግም ይጠቅማል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ድጋፍ በፈተና ውጤት ብቻ ሳይሆን ተፈታኙ ከየት ተነስቶ እንደመጣ ታይቶ ይሰጥ። አሜሪካ ውስጥ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ሕግ በእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ ከላይኛው 10 በመቶ የሆነ ተማሪ ወደ ግዛቱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲገባ ፈቀደ። ቁጥሩ በኋላ ለዋናው ዩኒቨርሲቲ ቢሻሻልም ሐሳቡ ቆይቷል፤ ልጅ የሚወዳደረው በራሱ ሁኔታ ከተማሩት ጋር ነው። እኛም ከየወረዳው አንደኛና ሁለተኛ ሆነው የማለፊያ ነጥብ ላመጡ ልጆች ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎቹ በአንዱ ሙሉ ድጋፍ ያለው ቦታ ብናስቀምጥ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይሆንም። አንድም ልጅ ላላለፈባቸው ትምህርት ቤቶች ግን ይህ መፍትሔ አይሆንም። እነርሱ የሚያስፈልጋቸው ስኮላርሺፕ ሳይሆን መምህርና መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ድጋፉ ከአስከተማ መናኸሪያ ጀምሮ ይታሰብ። የትራንስፖርቱ፣ የፍራሹና የኪስ ገንዘቡ ካልተሸፈነ ነጻ ወንበር ባዶ ወንበር ይሆናል። የአካባቢው ተወላጆችና የልማት ማኅበራት በውጭም በአገር ውስጥም ለአንድ ልጅ የውጭ ትምህርት ከሚያዋጡት ገንዘብ ከፊሉን ለዚህ ቢያውሉት ለብዙዎች ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች። ማናቸውም ስኮላርሺፕ ሲቀርብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። የሚሸፍነው የትምህርት ክፍያን ብቻ ነው ወይስ ምግብና መኝታንም? ለስንት ዓመት ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ዝቅ ቢል ይነጠቃል ወይ? ስጦታ ነው ወይስ ብድር፣ ብድር ከሆነስ እስኪከፈል የትምህርት ማስረጃው ይያዛል ወይ? የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መግባትን ነው ወይስ የሚፈለገውን የትምህርት ክፍልም? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ተቋም ስሙ ቢገዝፍም ሊታመን አይገባም።

ስም ወይስ ዋጋ ብለን ስንከራከር የምንነጋገረው ሁለቱንም መምረጥ ስለሚችሉ ልጆች ነው። የጋዝጊብላዋ ልጅ ፈተናውን በጦርነት፣ በድርቅና በሦስተኛ ቋንቋ አልፋ መጥታለች። ከዚህ በኋላ የአውቶቡስ ትኬት አጥታ ከቀረች የወደቀችው እርሷ አይደለችም።